የዱቤ ሽያጭና የመዘግየት ቅጣት፦ ከአንድ ነጋዴ መዝገብ

ቢስሚላሂ ረህማኒ ረሂም

ምስጋና ሁሉ ለዓለማት ጌታ ለአላህ (ሱ.ወ.) ይገባው። ሰላትና ሰላም በነቢያችን በሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን።



ይህ ጽሑፍ ከመግሪብ ሰላት በኋላ ለጀመዓችን ያቀረብኩት ንግግር ነው። የመስጊዳችን ኮሚቴ ለመታሰቢያው መጽሔት እንዲሆን ጽፈህ ስጠን ሲለኝ በመጀመሪያ አንገራገርኩ። እኔ ዓሊም አይደለሁም። መሪ ውስጥ የቤት ዕቃ የምሸጥ ነጋዴ ነኝ። የማውቀው ደረሰኝና የዱቤ መዝገብ ነው። ነገር ግን ስለ ዱቤና ስለ መዘግየት ቅጣት የምናገረው ከመጽሐፍ ብቻ ያገኘሁት ሳይሆን በገዛ እጄ ያጠፋሁት በመሆኑ፣ ከእኔ ስህተት ሌላው ቢማርበት ይሻላል ብዬ ተቀበልኩ። የሸሪዓውን ፍርድ የወሰድኩት ከዓሊሞች ነው። በአገላለጼ ስህተት ቢገኝ ስህተቱ የእኔ ነው፤ አላህ ይቅር ይበለኝ።

የአንድ ፍሪጅ ታሪክ

በ2008 ዓ.ም. የከተማው ባቡር ሥራ ሲጀምር የመሪ ሰው ኑሮ እንዴት እንደተለወጠ የቆየን ሰዎች እናስታውሳለን። በአያትና በሰሚት በኩል ኮንዶሚኒየም የደረሰው ሁሉ እየገባ ነበር። ሰው ያለ የሌለውን ለቤቱ ቅድሚያ ክፍያ ከፍሎ ባዶ ቤት ይገባል። አልጋ የለ፣ ፍሪጅ የለ፣ ምጣድ የለ። ያኔ ለእኛ ለነጋዴዎች ትልቅ ገበያ ነበር፤ ነገር ግን እጁ ላይ ሙሉ ብር ይዞ የሚመጣ ደንበኛ ጥቂት ነው። እኔም እንደ ሌላው በዱቤ መሸጥ ጀመርኩ።

በ2009 ዓ.ም. አንዲት እናት መጡ። እንጀራ ጋግረው ለምግብ ቤት የሚያቀርቡ፣ ከእኔ በዕድሜ የሚበልጡ ናቸው። አንድ ፍሪጅ መረጡ። በእጅ በእጅ ከሆነ 12,000 ብር፣ በ12 ወር ከሆነ 13,800 ብር አልኳቸው። ወርኃዊ ክፍያው 1,150 ብር መሆኑ ነው። አስበው በዱቤው ተስማሙ። ውሉን ከአንድ ከማውቀው ነጋዴ ገልብጬ ያሳተምኩት ነበር። ከታች በኩል በደቃቁ፣ የዘገየ ክፍያ ላይ በየወሩ 5 በመቶ ቅጣት ይታሰባል የሚል አንቀጽ አለበት። አላነበብኩላቸውም። እሳቸውም ማንበብ አይችሉም ነበርና በጣታቸው ፈረሙ።

ስድስት ወር ሳያጓድሉ ከፈሉ። ከዚያ ልጃቸው ታመመና አራት ወር ዘገዩ። በመጨረሻ የአራቱን ወር 4,600 ብር በመሐረብ ቋጥረው ይዘው መጡ። እኔ ደግሞ ሒሳብ ማሽኔን አወጣሁ። የመጀመሪያው ክፍያ አራት ወር፣ ሁለተኛው ሦስት ወር፣ ሦስተኛው ሁለት ወር፣ አራተኛው አንድ ወር ዘግይቷል። በድምሩ ዐሥር የቅጣት ወር፤ እያንዳንዱ 57 ብር ከ50 ሳንቲም። 575 ብር ይጨምሩ አልኳቸው።

«ልጄ፣ የፍሪጁ ዋጋ ጨመረ እንዴ?» አሉኝ።

«አይ እናቴ፣ የዘገዩበት ነው፤ ውሉ ላይ አለ» አልኳቸው።

ሌላ ቃል አልተናገሩም። ወጥተው ከሁለት ቀን በኋላ 575 ብሩን አምጥተው ከፈሉ። የቀሩትን ሁለት ወሮችም ጨረሱ። ደረሰኛቸውን ሰጠኋቸው፣ ሄዱ። እኔም መልካም ደንበኛ ብዬ በመዝገቤ ላይ ምልክት አደረግሁ።

በቀጣዩ ረመዳን ዘካዬን ለማስላት ወደ ሸኻችን መዝገቤን ይዤ ሄድኩ። ከገቢዬ ዓምዶች አንዱ «ቅጣት» የሚል ነበር። ሸኹ ጣታቸውን እዚያ ላይ አድርገው ይህ ምንድን ነው አሉኝ። ነገርኳቸው። ጥቂት ዝም ብለው፣ «ከዚህ ላይ ዘካ አይወጣም፤ ያንተ አይደለማ» አሉኝ።

ልዩነቱ የት ላይ ነው?

በዚያች ሰዓት የተሰማኝን አልደብቅም፤ ተናደድኩ። እንዲህ ብዬ ተከራከርኳቸው፦ «ሸኻችን፣ በ12,000 የሚሸጠውን በ13,800 ስሸጥ 1,800 ብሩ የጊዜ ዋጋ አይደለም? እሱ ሐላል ከሆነ 575 ብሩስ ለምን ሐራም ይሆናል? ሁለቱም የጊዜ ነው።»

ብዙዎቻችሁ ይኸው ጥያቄ በልባችሁ እንዳለ አውቃለሁ። አንዳንዱ በዚህ ሰበብ ዱቤውንም ሐራም ነው ይላል፤ አንዳንዱ ደግሞ ቅጣቱንም ሐላል ያደርጋል። ስለዚህ ሸኹ ያስረዱኝን ቀስ ብዬ ላካፍላችሁ።

አላህ በሱረቱል በቀራ አንቀጽ 275 ንግድን እንደፈቀደና አራጣን እንደከለከለ ነግሮናል። ሁለቱ ይመሳሰላሉ የሚለው ክርክርም እዚያው አንቀጽ ላይ ተነሥቶ መልስ ያገኘ ነው። በሸሪዓ ዱቤ በራሱ ነውር የለበትም። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ራሳቸው ከአንድ አይሁዳዊ ምግብ በዱቤ ገዝተው የብረት ጥሩራቸውን መያዣ አድርገው እንደሰጡ እናታችን ዓኢሻ አስተላልፈዋል። የበሪራም ታሪክ አለ። ነፃነቷን ለመግዛት ከጌቶቿ ጋር የተስማማችው በየዓመቱ አንዳንድ ዑቂያ፣ በዘጠኝ ዓመት ዘጠኝ ዑቂያ ልትከፍል ነበር። ይህ ዛሬ ወርኃዊ ክፍያ ከምንለው አይለይም።

እንግዲህ ፍሪጁ ገና ሱቄ ውስጥ ሳለ ንብረትነቱ የእኔ ነው። ቢሰበር በእኔ ነው፣ ቢቃጠል በእኔ ነው። ገዢዋ ገና ነፃ ናቸው። ዋጋው ካልጣማቸው ትተው ጎረቤት ሱቅ መሄድ ይችላሉ። 13,800 ብር ስላቸው የፍሪጁን ዋጋ መናገሬ ነው። ነጋዴ ዋጋውን ሲተምን የትራንስፖርቱን፣ የኪራዩን፣ የሚጠብቅበትንም ጊዜ አስቦ ይተምናል። ዕቃ ወጥቶ ዋጋ ይገባል። ስምምነቱ በአንድ ዋጋ ላይ ከጸና ሽያጭ ነው።

ውሉ ካለቀ በኋላ ግን ነገሩ ይለወጣል። ፍሪጁ የእሳቸው ሆኗል። እኔ ዘንድ የቀረው ዕዳ ብቻ ነው። ክፍያው ሲዘገይ 575 ብር ስጨምር በምትኩ የሰጠኋቸው ዕቃ የለም። ብር ያለ ዕቃ በብር ላይ ወለደ ማለት ነው። በዚያ ላይ አሁን ነፃ አይደሉም፤ ትቼ ልሂድ ማለት አይችሉም። የሚጨመርባቸው ደግሞ በቸገራቸው ልክ ነው፤ ችግሩ በበዛ ቁጥር የእኔ ትርፍ ይበዛል።

ሸኹ አክለው የነገሩኝ ነው ልቤን የሰበረው። በጃሂሊያ ዘመን ዓረቦች የሚታወቁበት አራጣ ይኸው ነበር። ቀጠሮው ሲደርስ አበዳሪው ባለዕዳውን ይከፍል እንደሆነ ወይም ይጨምር እንደሆነ ይጠይቀዋል። ካልከፈለ ይጨምርበታል፣ ቀጠሮውም ይራዘምለታል። ኢማም ማሊክ ይህንን በሙወጦእ ከዘይድ ብን አስለም አስተላልፈውታል። እኔ አራጣ ማለት ባንክ ሄዶ ብር ተበድሮ ወለድ መክፈል ብቻ ይመስለኝ ነበር። ለካ ቁርኣን ሲወርድ ሰዎች አራጣ ሲባል የሚያውቁት የእኔን ውል የመጨረሻ መስመር ነበር።

የዘመናችን ዓሊሞችም በጉዳዩ ላይ ተሰብስበው ወስነዋል። ጅዳ የሚገኘው ዓለም አቀፉ የኢስላም ፊቅህ አካዳሚ በ1990 እ.ኤ.አ. በ6ኛ ጉባኤው፣ የዱቤ ዋጋ ከእጅ በእጅ ዋጋ መብለጡ የተፈቀደ መሆኑን፣ ገዢው ቢዘገይ ግን ከተስማሙበት በላይ መጨመር ቀድመው ቢዋዋሉበትም ባይዋዋሉበትም አራጣ መሆኑን ወስኗል። «ውሉ ላይ አለ» የሚለው የእኔ መልስ ዋጋ የለውም ማለት ነው። በሐራም ላይ መፈራረም ሐራሙን ሐላል አያደርገውም።

በአጭሩ ለጊዜ ዋጋ መስጠት የሚቻለው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። እሱም ዕቃው ከሻጩ እጅ ሳይወጣ፣ ገዢው እምቢ ማለት በሚችልበት ሰዓት ነው። ከዚያ በኋላ ጊዜ አይሸጥም።

ለተቸገረ ሰው ምን ታዘዝን?

በሱረቱል በቀራ አንቀጽ 280 ላይ ባለዕዳው የተቸገረ እንደሆነ እስኪያገኝ መጠበቅ እንደሚገባ፣ ዕዳውን ሰደቃ አድርጎ መተው ደግሞ የበለጠ መሆኑ ተነግሯል። ልብ በሉ፣ እኔ የልጃቸውን መታመም አውቅ ነበር። አንቀጹ ጠብቅ ሲለኝ እኔ የቆጠርኩት የቅጣት ወሮችን ነበር።

በሌላ በኩል እያለው የሚያዘገይ ሰው ሐሳቡ እንዳያምርበት። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) መክፈል የሚችል ሰው ዕዳውን ማጓተቱ በደል መሆኑን ቡኻሪና ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስ አስተምረዋል። ዕዳ ያለበትና ለዕዳው መክፈያ ያልተወ ሰው ጀናዛ ሲቀርብ፣ አቡ ቀታዳ ዕዳውን በራሳቸው ላይ እስኪወስዱ ድረስ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ሳይሰግዱበት መቆየታቸውም ተዘግቧል። የመዘግየት ቅጣት ሐራም ነው ማለት መዘግየት ሐላል ነው ማለት አይደለም። ይህንን ንግግር ሰምቶ ለሻጩ «ሸሪዓው አትጨምር ይልሃል» እያለ የሰውን ገንዘብ የሚያንገላታ ካለ፣ እሱም በዳይ መሆኑን ይወቅ።

ብር ሲረክስስ?

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ ዋጋ እንዲሆን ሲወሰን፣ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሄደ። የዕቃ ዋጋ አብሮ ወጣ። እኛ በዱቤ የሸጥን ነጋዴዎች ተቃጠልን። የሰበሰብነው ብር ያንኑ ዕቃ መልሶ አይገዛም። አንዳንድ ወዳጆቼ ወደ ደንበኞቻቸው ደውለው ዋጋው ተሻሽሏል አሉ።

ይህም አይቻልም። አካዳሚው በ1988 እ.ኤ.አ. በኩዌት ባደረገው 5ኛ ጉባኤ፣ ዕዳ የሚከፈለው በቁጥሩ ልክ እንጂ በዋጋ ንረት ተሰልቶ አለመሆኑን ወስኗል። ኪሳራው ከባድ ነው፤ እኔም ቀምሼዋለሁ። ነገር ግን አስቡት፦ ብሩ ቢጠነክር ኖሮ ለደንበኛዬ እቀንስለት ነበርን? ትርፉን ስንቀበል የቆየነው አደጋውንም ስለተሸከምን ነው። ነጋዴ ራሱን መከላከል የሚችለው ውሉን ከመፈራረሙ በፊት ነው። የዱቤውን ጊዜ ያሳጥራል፣ ቅድሚያ ክፍያውን ከፍ ያደርጋል፣ ዋጋውን አስቦ ይተምናል።

ለሻጭ ወንድሞቼ

ቅጣቱን ከውሌ ላይ ካነሣሁ በኋላ ብዙ ሰው ያላግጥብኛል ብዬ ፈርቼ ነበር። እውነት ለመናገር አንዳንድ ሰው አላግጧል። ግን ሱቁ አልተዘጋም። የምሠራበትን መንገድ ላካፍላችሁ።

አንደኛ፣ ሁለቱን ዋጋ እነግራለሁ፤ ከሱቁ ከመውጣታችን በፊት ግን አንዱ ይቆረጣል። «በፈለግኸው ክፈል» ተብሎ በሁለት ዋጋ መሐል ተንጠልጥሎ መለያየት የተከለከለ ነው።

ሁለተኛ፣ ውሉን በአማርኛ በትልቁ እጽፋለሁ፣ ለገዢው ጮክ ብዬ አነባለሁ፣ ምስክር አቆማለሁ። የቁርኣን ረጅሙ አንቀጽ፣ የሱረቱል በቀራ 282ኛው፣ ስለ ዕዳ መጻፍና ምስክር ስለማቆም ነው።

ሦስተኛ፣ ዋስ ወይም መያዣ እቀበላለሁ። የአላህ መልእክተኛ ጥሩራቸውን ካስያዙ እኛ የምናፍርበት ምክንያት የለም።

አራተኛ፣ ገዢው ያለ ምክንያት ሁለት ወር በተከታታይ ካጓደለ የቀረው ዕዳ ባንድ ጊዜ ይጠየቃል የሚል ውል አለኝ። አካዳሚው፣ ገዢው አስቀድሞ ከተስማማበትና የተቸገረ ካልሆነ፣ ይህንን ፈቅዷል። ጠቅላላ ዋጋው ሳይጨምር ቀጠሮው ብቻ ይቀርባል።

አምስተኛ፣ ቀድሞ ለሚከፍል ሰው በፈቃዴ እቀንሳለሁ። በ1992 እ.ኤ.አ. 7ኛው ጉባኤ ይህን የፈቀደው ቀድመው ካልተዋዋሉበት ነውና ውሉ ላይ አልጽፈውም፤ ቃልም አልገባም።

ስድስተኛ ስለ ሕጉ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1751 ሕጋዊ ወለድ 9 በመቶ በዓመት ይላል። ገንዘብ ሳይከፍል የዘገየ ባለዕዳም ይህንን ወለድ እንዲከፍል በቁጥር 1803 ተደንግጓል። ስለዚህ ውላችሁ ስለ መዘግየት ዝም ቢል ጉዳዩ ፍርድ ቤት ሲደርስ ወለድ ሊጠየቅ ይችላል። ሻጩ ወለድ ላለመጠየቅ መስማማቱ በግልጽ ቢጻፍ መልካም ነው። ለዚህ የሕግ ባለሙያ አማክሩ።

ለገዢ ወንድሞችና እህቶቼ

ከቅጣት ለመዳን የሚሠራው ሥራ በብዛት የሚሠራው ከመፈረም በፊት ነው።

የወር ክፍያውን ብቻ አትጠይቁ፤ ጠቅላላ ድምሩን ጠይቁ። «በወር 1,150 ብቻ» ሲባል ይቀልላል፤ 13,800 ሲባል ሰው ያስባል። ከዚያ ራሳችሁን ጠይቁ፦ ይህ ዕቃ ለኑሮዬ ያስፈልገኛል ወይስ ጎረቤቴ ስላለው ነው?

የክፍያውን ቀን ደመወዛችሁ ወይም ገቢያችሁ ከሚገባበት ቀን ጥቂት ቀናት በኋላ እንዲሆን ተደራደሩ። ደመወዝ በወሩ መጨረሻ እየገባ ክፍያው 25ኛው ቀን ላይ ከሆነ ሳትሰንፉ ዘወትር ትዘገያላችሁ። ብዙ ነጋዴ ቀኑን ለመቀየር ችግር የለበትም፤ ጠያቂ ስለሌለ ነው።

ዕቃውን ከመውሰዳችሁ በፊት የአንድ ወር ክፍያ ለብቻ አስቀምጡ። ይህች የአንድ ወር ብር የታመመ ልጅ፣ የዘገየ ደመወዝ፣ ድንገተኛ ለቅሶ ሲመጣ መሸሸጊያ ናት። ይህችን ማስቀመጥ ካልቻላችሁ ዕዳውንም ለመሸከም ገና አልደረሳችሁም።

ባልወጣላችሁ ዕቁብ ላይ ዕዳ አትመሥርቱ። ዕጣው መቼ እንደሚወጣ የሚያውቅ የለም።

መዘግየታችሁ ካልቀረ ቀኑ ሳይደርስ ለሻጩ ንገሩ። ቀድሞ የመጣ ሰው ይታመናል፤ ስልኩን የዘጋ ሰው ይጠረጠራል። የምትከፍሉትን ሁሉ ደረሰኝ ተቀበሉ።

ማንበብ የማትችሉ ወላጆች ካሏችሁ፣ ልጆች አብራችሁ ሂዱ። እኔ ያንን አንቀጽ ያላነበብኩላቸው እናት አንድ የሚያነብ ልጅ አብሯቸው ቢቆም ኖሮ ባልፈረሙ ነበር።

ስለ ባንክና ስለ ስልክ ብድር

ዛሬ ዱቤ ከሱቅ ወጥቶ ባንክና ስልክ ውስጥ ገብቷል። ኢትዮ ቴሌኮም ከዳሸን ባንክ ጋር ቴሌብር መላና ቴሌብር እንደኪሴ የተባሉትን የብድር አገልግሎቶች በ2014 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሯል። ዳሸን ባንክ ዕቃ ወስዶ በየወሩ የሚከፈልበት «ዱቤ አለ» የሚል አገልግሎትም አለው። በስልክ ብድር ሲቀርብላችሁ «እስማማለሁ» የሚለውን ከመንካታችሁ በፊት ሦስት ነገር ፈልጉ፦ በጥሬ ገንዘብ ላይ ጭማሪ አለ ወይ? «የአገልግሎት ክፍያ» የተባለው በቀን ወይም በብሩ መጠን የሚያድግ ነው ወይ? ቀኑ ሲያልፍ ምን ይጨመራል? ስሙ ክፍያ ተባለ ወይም ቅጣት፣ ብር አበድሮ ጭማሪ መቀበል ስሙ ስለተቀየረ አይለወጥም።

ከወለድ ነፃ የሆነው መንገድ በአገራችን በቀላሉ አልተገኘም። በ2000 ዓ.ም. የወጣው የባንክ ሥራ አዋጅ ቁጥር 592 በሩን ከፈተ። በ2004 ዓ.ም. የብሔራዊ ባንክ መመሪያ መደበኛ ባንኮች በመስኮት ብቻ እንዲሠሩ ፈቀደ። ንግድ ባንክም በ2006 ዓ.ም. ጀመረ። ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነፃ የሆነ ባንክ ለማቋቋም የተፈቀደው በ2011 ዓ.ም. ሲሆን፣ ዘምዘም ባንክ በሰኔ 2013 ዓ.ም. የመጀመሪያው ሆኖ ሥራ ጀመረ፤ ሒጅራ ባንክም ተከተለ። አልሐምዱ ሊላህ።

ባንኩ ከወለድ ነፃ ነው ማለት ግን እኛ ዓይናችንን እንጨፍን ማለት አይደለም። ሙራበሓ በሚባለው አሠራር ባንኩ ዕቃውን ከነጋዴው ራሱ ገዝቶ፣ በእጁ አድርጎ፣ የገዛበትንና ትርፉን ነግሮ በዱቤ ይሸጥላችኋል። ስለዚህ ጠይቁ፦ ዕቃውን ባንኩ ቀድሞ ገዝቷል ወይስ እኔ ብሩን ተቀብዬ ልገዛ ነው? ዕቃው ለእኔ ሳይሸጥ ቢጠፋ በማን ነው? ዋጋው ከተቆረጠ በኋላ ይለወጣል ወይ? ብዘገይስ? ለመጨረሻው ጥያቄ መልስ ያላቸው ተቋማት አሉ። ባሕሬን የሚገኘው የኢስላማዊ ፋይናንስ ተቋማት የሒሳብና የኦዲት ድርጅት ባወጣው መስፈርት፣ እያለው የሚያዘገይ ሰው ለበጎ አድራጎት የሚውል ገንዘብ ለመስጠት ቀድሞ ቃል ሊገባ ይችላል። ባንኩ ግን ያንን ገንዘብ ለራሱ ገቢ ማድረግ አይችልም። ገንዘቡ የት እንደሚሄድ መጠየቅ መብታችሁ ነው።

ከባሕር ማዶ የመጣ ትምህርት

ከእኛ ብዙዎቻችን ውጭ አገር ዘመድ አለን። አሜሪካ የሚኖር የአክስቴ ልጅ ለእረፍት መጥቶ ስለዚህ ስንጨዋወት፣ እዚያ በትልልቅ መደብሮች «12 ወር ያለ ወለድ» የሚል ማስታወቂያ እንዳለ አጫወተኝ። መጀመሪያ ሰምቼ ደስ አለኝ፤ ይህማ ከእኛ ይሻላል አልኩ። ሲያብራራልኝ ግን ደነገጥኩ።

በብዙዎቹ ዘንድ ወለዱ አልተሰረዘም፤ ተቀምጦ እየጠበቀ ነው። ከተገዛበት ቀን ጀምሮ በስውር ይቆጠራል። በ12 ወሩ ውስጥ ዕዳው እስከ መጨረሻዋ ሳንቲም ካለቀ ይተዋል። ጥቂት እንኳ ከቀረች ግን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የተጠራቀመው ሁሉ ባንድ ጊዜ ይጫናል። ለምሳሌ አንድ ሰው የ1,200 ዶላር ፍሪጅ ገዝቶ በየወሩ 90 ዶላር ቢከፍል በዓመቱ 120 ዶላር ይቀርበታል። ወለዱ 26 በመቶ ቢሆን፣ በዚያች 120 ዶላር የተነሣ ወደ 180 ዶላር የሚጠጋ ወለድ ይመጣበታል። ወጥመዱ ደግሞ በየወሩ የሚላክለት ወረቀት ላይ የሚጻፈው ዝቅተኛው ክፍያ ዕዳውን በጊዜው ላይጨርሰው መቻሉ ነው። ሰውየው የተባለውን ሁሉ እየከፈለ ይያዛል።

ዘመዶቻችሁ እንዲህ ያለ ውል ከፊታቸው ቢቀርብ ይህንን ንገሯቸው። ውሉ ውስጥ የአራጣ ስምምነት ስላለ በጊዜው እከፍላለሁ ብለው ከመግባታቸው በፊት ዓሊም ይጠይቁ። የገቡበት ካሉ ደግሞ ጠቅላላውን ዋጋ ከወሮቹ ቁጥር በአንድ በሚያንስ ያካፍሉ። 1,200 ዶላር ለ11 ሲካፈል 110 ዶላር ገደማ ነው። በየወሩ ይህንን የከፈለ ሰው ቀኑ ሳይደርስ አንድ ወር ቀድሞ ይጨርሳል።

የቀረው ዕዳ

ወደ መዝገቤ ልመለስና ልጨርስ። ሸኹን እንግዲህ ምን ላድርግ አልኳቸው። «ገንዘቡ ባለቤት አለው፤ ፈልገህ መልስ» አሉኝ። መዝገቡን ከላይ እስከ ታች ስፈትሽ ቅጣት የከፈሉኝ ዐሥራ አንድ ሰዎች ሆኑ። ዘጠኙን አገኘኋቸው። አንዱ ሳቀብኝ፤ አንዱ በንዴት ብሩን ተቀብሎ በሩን ዘጋብኝ፤ አንዷ እህት አለቀሰች። ሁሉም የየራሳቸውን ወሰዱ።

ሁለቱን አላገኘኋቸውም። ከሁለቱ አንዷ እኚያ እናት ናቸው። ተከራይተው ይኖሩበት የነበረው ግቢ ፈርሷል። እንጀራ ያቀርቡላቸው የነበሩ ምግብ ቤቶችን ጠየቅሁ። አንዱ ወደ ኮተቤ፣ ሌላው ወደ ገጠር ወደ ዘመዶቻቸው ሄደዋል አለኝ። ኮተቤ ሄጄ ብዙ ጠይቄአለሁ። ልጃቸው ድኖ እንደሆነም አላውቅም። ሸኹ በስማቸው ነይቼ ሰደቃ እንዳደርገው ነገሩኝ፤ አደረግሁ። ነገር ግን አንድ ቀን መጥተው ገንዘቤን ካሉኝ ሰደቃው ለእኔ ይሆንና ለእሳቸው እንደገና መክፈል አለብኝ። 575 ብር ዛሬ ትንሽ ገንዘብ ነው። የቂያማ ቀን ግን የሚቆጠረው በብር አይደለም፤ ያንን ፈርቼ ነው የምናገረው።

ለዕዳ ያለባቸው ሰዎች ያዝን የነበረን፣ ለተቸገረውም ያልፍ የነበረን አንድ ነጋዴ አላህ እንዳለፈው በሐዲስ ተነግሯል። እኛ የመሪ ነጋዴዎች ያንን ሰው እንድንመስል፣ ገዢዎችም አማናቸውን በቀኑ እንዲመልሱ ዱዓ አድርጉልን።

ውድ አንባቢ፣ በ2009 ዓ.ም. መሪ አካባቢ እንጀራ ይጋግሩ የነበሩ፣ አንድ ልጃቸው በጠና ታሞባቸው የነበረ፣ ነጭ ፍሪጅ በዱቤ የገዙ እናት ታውቅ እንደሆነ፣ ለመስጊዳችን ኮሚቴ ንገርልኝ። ገንዘባቸው ተቀምጧል።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።